እንዶዱ የኛ፣ ቤተ ሙከራው የማን?



ባለፈው ክረምት ከወዳጆቻችን በአንዱ ቤት ተሰብስበን ቡና ስንጠጣ የቤቱ እናት ከጓዳ አንድ ላስቲክ ይዘው ወጡ። ውስጡ ከአረንጓዴ ወደ ቡኒ የሚያደላ ዱቄት አለ። በሻንጣ ተይዞ ከሀገር ቤት የመጣ መድኃኒት ነው። “ለስኳር ነው፣ ጠዋት ጠዋት በማንኪያ በውሃ በጥብጦ መጠጣት ነው” አሉን። ከመካከላችን እዚሁ በስደት ሀገር በፋርማሲስትነት የምትሠራ እህታችን ነበረችና “እማማ፣ የሐኪሙን ክኒንስ?” ብላ ጠየቀቻቸው። “እሱንም እወስዳለሁ የኔ ልጅ፣ ሁለቱም ቢረዱኝ ምን አለበት?” ብለው መለሱላት።

እህታችን ላስቲኩን ገለባብጣ አየችው። ስም የለው፣ ቀን የለው፣ መጠን የለው። “እማማ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ሳላውቅ ይጠጡትም አይጠጡትም ማለት አልችልም። ብቻ ከክኒኑ ጋር ተደርቦ ስኳርዎን በድንገት ካወረደው ራስዎን ሊስቱ ይችላሉ። እስኪ መጀመሪያ ለሐኪምዎ እንንገር” አለቻቸው። እማማ ቅር አላቸው። “አባቶቻችን በዚህ አይደል እንዴ የኖሩት!” አሉ። ቡናውም በክርክር አለቀ።

እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ልክ ናቸው። እማማ እንዳሉት አባቶቻችንና እናቶቻችን የዕፀዋትን ጠባይ ለዘመናት እያጠኑ ኖረዋል። ፋርማሲስቷ እንዳለችው ደግሞ ያልተመረመረና መጠኑ የማይታወቅ ነገር መድኃኒትም መርዝም ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል የጎደለው ነገር ቤተ ሙከራ ነው። ይህ ጉድለት የሳይንስ ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። የሀብት፣ የመብትና የክብር ጉዳይም ነው። ለዚህ የምናቀርበው ዋና ምስክር እንዶድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አድዋ፣ 1964

አድዋ ሲባል ሁላችንም የምናስበው የ1896ቱን ድል ነው። በ1964 ግን በዚያችው ከተማ፣ ወንዝ ዳር ልብስ በሚያጥቡ ሰዎች መካከል ሌላ ታሪክ ተጀመረ። ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ዶክተር አክሊሉ ለማ በአሜሪካ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ጨርሰው ነበር። ወደ አድዋ የሄዱትም ቢልሃርዝያን ለማጥናት ነው።

ቢልሃርዝያ የድኻ በሽታ ነው። ትሉ በሰው የደም ሥር ውስጥ ይኖራል። እንቁላሉ ከሰገራ ወይም ከሽንት ጋር ወንዝ ሲገባ ይፈለፈላል፣ የተፈለፈለውም ውሃ ውስጥ የምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ፈልጎ ገላዋ ውስጥ ይራባል። ከዚያ ወጥቶ ውሃው ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ውሃ የሚቀዳው፣ የሚዋኘው፣ የሚያጥበው፣ በመስኖ የሚያርሰው ሁሉ ለበሽታው የተጋለጠ ነው። በሽታው አንጀትንና ጉበትን እየጎዳ ጎልማሳውን ያደክማል፣ ሕፃኑን ከዕድገት ያስቀራል። ቀንድ አውጣዋ ከጠፋች ግን ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

ዶክተር አክሊሉ በወንዙ ዳር ሲዘዋወሩ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ ከሌላው የወንዙ ክፍል ሁሉ የበለጠ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አገኙ። ከአጣቢዎቹ አንዷን ጠይቀው የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በተቀመጡበት ዕቃ ውስጥ አስጨመሩ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። የእንዶድ የመጀመሪያ ቤተ ሙከራ ያ ዕቃ ነበር ማለት ይቻላል።

እናቶቻችን ነጠላና ጋቢያቸውን ለዘመናት በእንዶድ ሲያጥቡ ኖረዋል። አረፋው ወንዙን ተከትሎ ሲወርድ ያላየ የለም። ሁሉም ያየውን እኚህ ሰው አስተዋሉት፣ ያስተዋሉትንም ለመፈተን ተነሡ።

ከወንዙ ወደ ሚዛኑ

ማስተዋል ብቻውን ሳይንስ አይሆንም። እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል ከተባለ ጥያቄው ገና መጀመሩ ነው። የትኛው ዓይነት እንዶድ? ፍሬው ወይስ ቅጠሉ? ለአንድ ሊትር ውሃ ስንት ሚሊግራም? ለስንት ሰዓት? ዓሣውስ ምን ይሆናል? ከብቱስ? ከዚያ ውሃ የሚጠጣው ሕፃንስ?

የመጀመሪያው ሪፖርት በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ወጣ። በ1966 ዶክተር አክሊሉ በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከስድሳ በላይ የእንዶድ ዓይነቶችን ለዓመታት ሲያወዳድሩ ቆይተው “ዓይነት 44” የተባለውን ከሁሉ ብርቱ ሆኖ አገኙት። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ከአንዱ ቁጥቋጦ የተለቀመ ፍሬ ከሌላው ጋር በኃይሉ እኩል አይደለምና፣ ዘሩ ሳይለይ “ይህን ያህል ጨምሩ” ብሎ ማዘዝ አይቻልም። 

እንዶድን አረፋ የሚያስደፍቀውም ቀንድ አውጣዋን የሚገድለውም ሳፖኒን የተባለ የንጥረ ነገር ቤተሰብ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ንጥረ ነገሩ ተነጥሎ ሲወጣ በዶክተር አክሊሉ የአባት ስም “ለማቶክሲን” ተባለ። በኋላ የተደረገው የኬሚስትሪ ጥናት ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር አሳየ። የደረቀው ፍሬ ተፈጭቶ በውሃ ሲዘፈዘፍ በራሱ በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም ሳፖኒኑን ወደ ብርቱው ዓይነት ይለውጠዋል። በአልኮል ተነክሮ ቢወጣ ግን ኢንዛይሙ አይሠራምና የሚገኘው ደካማው ዓይነት ነው። እንግዲህ እናቶቻችን ወንዝ ዳር እንዶዱን ወቅጠው በውሃ ሲዘፈዝፉ ትክክለኛውን አወጣጥ ይዘው ነበር ማለት ነው። ኬሚስቱ የደረሰበት እነሱ ከነበሩበት ቦታ ነው።

ከ1969 እስከ 1974 እዚያው አድዋ ላይ የአምስት ዓመት ሙከራ ተካሄደ። ወንዞቹ በየጊዜው በእንዶድ ታከሙ፣ ሕዝቡም ተመረመረ። ሙከራው ሲጀመር ከሕዝቡ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው በበሽታው የተያዘ ነበር፤ ሲያልቅ ወደ 34 በመቶ ገደማ ወረደ። በሕፃናቱ ዘንድ የታየው ለውጥ ደግሞ ከዚህ የላቀ ነው፤ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ። ሕፃናቱ ዋነኞቹ ምስክሮች የሆኑት አብዛኞቹ ሙከራው ከተጀመረ በኋላ የተወለዱና አዲስ ወንዝ ያገኙ በመሆናቸው ነው።

ሚዛኑ የማን ነው?

ከዚህ በኋላ ምን መሆን ነበረበት? በየቦታው በአጥር ላይ የሚበቅል ቁጥቋጦ፣ ገበሬው ራሱ ሊያለማው የሚችል፣ የውጭ ምንዛሪ የማይጠይቅ ነገር ተገኝቷል። በዚያን ጊዜ ለዚሁ ሥራ በዓለም ገበያ የሚሸጠው ኒክሎሳማይድ የተባለው ኬሚካል በውድ ዋጋ ከውጭ የሚገዛ ነበር። ሥራው በፍጥነት ይቀጥላል ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው።

የሆነው ሌላ ነው። በአዲስ አበባ የተሠራው የመርዛማነት ምርመራ በዓለም አቀፍ ደረጃ ከታወቀ ላቦራቶሪ የወጣ አይደለምና እንደገና ይደገም ተባለ። የዓለም የጤና ድርጅት ባለሙያዎች የጠየቁት “ጥሩ የላቦራቶሪ አሠራር” በሚባለው ደንብ የተሠራ ጥናት ነው። ይህ ደንብ ምን እንደሚል ማወቅ ይጠቅማል። መሣሪያው መቼ እንደተስተካከለ፣ አይጦቹ ከየት እንደመጡ፣ እያንዳንዱን ቁጥር ማን እንደጻፈ፣ ማን እንደመረመረው፣ ናሙናው የት እንደተቀመጠ ሁሉ በጽሑፍ እንዲያዝ ያዛል። ደንቡን የአሜሪካ መንግሥት በ1978 ያወጣው ደግሞ በአፍሪካ ላቦራቶሪዎች ምክንያት አይደለም። እዚያው አሜሪካ ውስጥ ለትልልቅ ኩባንያዎች ይሠሩ የነበሩ ላቦራቶሪዎች ውጤት ሲያጭበረብሩ ስለተያዙ ነው። ሌሎች ባጠፉት ጥፋት የወጣው ደንብ ምንም ላላጠፋው ግን ገንዘብ ለሌለው ደጅ መዝጊያ ሆነ።

ዓመታት አለፉ። የንጉሡ ሥርዓት ወደቀ፣ ደርግ መጣ። ዶክተር አክሊሉም እንደ ብዙዎቻችን ከሀገር ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ ሠሩ፣ እንዶድን ግን አልተዉትም። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ጋር “አማራጭ ኖቤል” እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በዚያ መድረክ ያስተላለፉት መልእክት ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ የአፍሪካ ምርምር ችግር የገንዘብና የመሣሪያ እጥረት ብቻ አይደለም፤ ከኛ በኩል ጥሩ ሳይንስ ይወጣል ብሎ ለማመን የሚቸገር አስተሳሰብም አለ።

በመጨረሻ የካናዳ የልማት ምርምር ማዕከል ባገዘው ጥረት የካናዳ፣ የአውሮፓ፣ የአሜሪካና የኢትዮጵያ ሳይንቲስቶች ተባብረው የእንዶድን ደኅንነት እንደ ደንቡ መረመሩ። ውጤቱ በ1991 ታተመ። ዱቄቱ ዓይንን ክፉኛ ይቆጠቁጣል፣ ዓሣንም ይገድላል። ከዚህ በቀር ለቀንድ አውጣ በሚበቃው መጠን ለሰውና ለከብት የሚያሰጋ ሆኖ አልተገኘም። ውሃ ውስጥም ቶሎ ይፈርሳል። አስተውሉ፤ ከ1964 እስከ 1991 ሃያ ሰባት ዓመት ነው። በአድዋ ሙከራው ሲጀመር የተወለደ ሕፃን ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶታል።

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን አንድ ነገር እንጨምር። በ1980ዎቹ ፕራዚኳንቴል የተባለው የቢልሃርዝያ ክኒን እየተስፋፋና ዋጋውም እየወረደ ስለመጣ የዓለም ትኩረት ከቀንድ አውጣዋ ወደ ክኒኑ ዞረ። እንዶድ ዓሣን መግደሉም እውነተኛ እንቅፋት ነው። ስለዚህ ሁሉንም በሴራ ብቻ አንተረጉመውም። ነገር ግን ክኒኑ ትሉን ይገድላል እንጂ ወንዙን አያጸዳም። ዛሬ የታከመው ልጅ ነገ ውሃ ሲገባ ተመልሶ ይያዛል።

ኦሃዮ ላይ የተገኘው ዋጋ

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። በ1988 በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች “ዜብራ መስል” የምትባል ትንሽ ባለ ዛጎል የውሃ እንስሳ ተገኘች። ከአውሮፓ በመርከብ ተሳፍራ የመጣች ናት። የከተሞችንና የኃይል ማመንጫዎችን የውሃ ቧንቧ እየሞላች ትዘጋ ጀመር። በ1990 ዶክተር አክሊሉ በኦሃዮ ከሚገኘው ከቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ለመቀበል ሄደው ሳለ ከዚያው ሳይንቲስቶች ጋር እንዶድ በዚች እንስሳ ላይ ተሞከረ። ሠራ።

በጥቅምት 1993 በእንዶድ ዜብራ መስልን የመቆጣጠሪያ ዘዴ የአሜሪካ ፓተንት ተሰጠው። ዶክተር አክሊሉ ከፈልሳፊዎቹ እንደ አንዱ ተመዝግበዋል። ባለቤቱ ግን ዩኒቨርሲቲው ነው። በባለቤትነቱ ውስጥ ኢትዮጵያም የለችበት፣ የአድዋ አጣቢዎችም የሉበት። ሀገሮች በብዝሀ ሕይወታቸው ላይ ያላቸውን መብት የደነገገው ዓለም አቀፍ ስምምነት የጸናው ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ በታኅሣሥ 1993 ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የድኻ ልጆችን ከትል ለማዳን እንዶድ ሲቀርብ “ማስረጃው አልበቃም” ተባለ። የሀብታም ሀገር ቧንቧ ሲዘጋ ግን በሦስት ዓመት ፓተንት ወጣለት። በእርግጥ ፓተንት ማውጣትና አንድን ነገር ለሕዝብ ጥቅም ማጽደቅ አንድ አይደሉም፣ መሥፈርታቸውም ይለያያል። ቢሆንም አንድ ነገር ግልጽ ነው። መመርመሪያው ያለው የባለቤትነት ወረቀቱንም ይይዛል።

የአጣጡ መንገድ

እንዶድ ብቻውን አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የካንሰር ተቋም ከዓለም ዙሪያ ዕፀዋት እያስለቀመ ለካንሰር ሲያስመረምር፣ ከአጣጥ ወገን የሆነ ቁጥቋጦ ከኢትዮጵያ ተሰበሰበ። በ1972 ሞሪስ ካፕቻን የተባሉ አሜሪካዊ ኬሚስትና ባልደረቦቻቸው ከዚህ ወገን “ሜይታንሲን” የተባለ እጅግ ብርቱ ንጥረ ነገር ማውጣታቸውን አስታወቁ። በሰው ላይ ሲሞከር ግን ካንሰሩን ብቻ ሳይሆን በሽተኛውንም ስለጎዳ ተተወ።

ታሪኩ እዚያ አላበቃም። ሌሎች ተመራማሪዎች ንጥረ ነገሩን ትንሽ ለውጠው፣ የካንሰሩን ሕዋስ ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አያያዙት። መርዙ በመላው ሰውነት ከመበተን ይልቅ አብዛኛው ዕጢው ዘንድ እንዲደርስ ተደረገ። በ2013 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ካድሳይላ በሚል የንግድ ስም ለአንድ ዓይነት የጡት ካንሰር አጸደቀው። ዛሬ የመድኃኒቱ መነሻ የሚገኘው ከተክሉ ሳይሆን በፋብሪካ ከሚራባ ረቂቅ ነፍሳት ነው። ስለዚህ “የኛን አጣጥ እየሸጡ ነው” ብንል ትክክል አይሆንም። ትምህርቱ ሌላ ነው። ለመድኃኒትነት የበቃው ተክሉ ብቻውን ሳይሆን ከተክሉ በኋላ የመጣው የዐርባ ዓመት ምርመራና ቅመማ ነው። እኛ ያዋጣነው የመጀመሪያውን እርምጃ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ የሌሎች ድካም ነው፣ ጥቅሙም የነሱ ሆነ።

ኮሶም አለ

“እንግዲያው ምርመራ የፈረንጅ ተንኮል ነው፣ አባቶቻችን የጠጡትን እንጠጣ” የሚል ካለ ኮሶን ያስታውስ። ጥሬ ሥጋ የምንወድ ሕዝብ ነንና ኮሶ ለዘመናት አገልግሎናል። በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ተሻግሮ ከመድኃኒት መዝገቦቻቸው ገብቶ ነበር። ነገር ግን በመጠን አለመታወቁ ሰው ጎድቷል። በ1960ዎቹ በሀገራችን የነበሩ ሐኪሞች ብዙ ኮሶ ጠጥተው የዓይናቸውን ብርሃን ያጡ በሽተኞችን መዝግበዋል። እንዶድም ቢሆን ልብስ ላይና ወንዝ ላይ ሲሆን ነው እንጂ፣ ትል ለማስወጣት ወይም ፅንስ ለማስወረድ ሲጠጣ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ከዱር የመጣ ሁሉ የዋህ አይደለም። ብርብራ ዓሣን የሚያሰክረው ፍሬው “ተፈጥሯዊ” ስላልሆነ ነውን?

ቻይናውያን ከዚህ ወጥመድ እንዴት እንደወጡ እንይ። በ1967 በቬትናም ጦርነት ዘመን ለወባ መድኃኒት ፍለጋ ትልቅ ፕሮጀክት ጀመሩ። ተመራማሪዋ ቱ ዩዩ የጥንት የባህል መድኃኒት መጻሕፍትን አገላበጡ። ከ1600 ዓመት በፊት የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ከአሪቲ ወገን የሆነውን ተክል በውሃ ነክሮ ጨምቆ መጠጣትን ያዛል። አፍላው እንጂ አይልም። ቱ ዩዩ ይህን አስተውለው ሙቀት ንጥረ ነገሩን እንደሚያጠፋው ጠረጠሩ፤ በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር አወጡት። በ1971 በወባ በተያዙ አይጦች ላይ ሙሉ በሙሉ ሠራ። ወደ በሽተኞች ከመውሰዳቸው በፊት እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ራሳቸው ላይ ሞከሩት። ከዚያ የተገኘው አርቴሚሲኒን ዛሬ የወባ ሕክምና መሠረት ነው። ኢትዮጵያም ከ2004 ጀምሮ የዚህን ወገን መድኃኒት በቀዳሚነት ትጠቀማለች። ቱ ዩዩ በ2015 ኖቤል ተሸለሙ።

የኛስ የመድኃኒት ብራናዎች? የኛስ አዋቂዎች? መጽሐፉም ተክሉም ሰዉም አለን። ቻይናዎች የነበራቸውና እኛ የጎደለን ነገር፣ ከመጽሐፉ እስከ ክኒኑ ያለውን መንገድ በራሱ ገንዘብና በራሱ ላቦራቶሪ እስከ መጨረሻው የሚጓዝ መንግሥት ነው።

መንገዱ ምን ይመስላል?

ብዙ ሰው “ተመርምሯል” ሲባል አንድ ማሽን ውስጥ ከትቶ ማውጣት ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። መጀመሪያ የተክሉ ናሙና ደርቆ፣ የተለቀመበት ቦታና ቀን ተጽፎ፣ በዕፀዋት መዝገብ ቤት ይቀመጣል። በሀገራችን ይህን የሚያደርገው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ የዕፀዋት መዘክር ነው። አንድ ስም በጎንደር አንድ ተክል፣ በሸዋ ሌላ ተክል ሊሆን ይችላልና ይህ ካልተደረገ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ቀጥሎ ንጥረ ነገሩ በውሃ፣ በአልኮል፣ በሌላም ማሟሟያ ይወጣል፣ ይከፋፈላል፣ የትኛው ክፍል እንደሚሠራ ይፈተሻል። ከዚያ የአይጥ ምርመራ ይከተላል፤ በስንት መጠን ያድናል፣ በስንት መጠን ይገድላል፣ ለወራት ቢሰጥ ጉበትና ኩላሊትን ምን ያደርጋል?

ይህ ሁሉ ታልፎም መድኃኒት አልተገኘም። ቅመማው ገና ነው። ዱቄቱ ክኒን ሲሆን እያንዳንዱ ክኒን እኩል ይመዝናል? ሲንቀጠቀጥ ይፈረፈራል? በእንግሊዝ መዝገብ መሠረት ተራ ክኒን በ15 ደቂቃ ውስጥ መፈራረስ አለበት፤ ሳይፈርስ ሆድን አልፎ ከወጣ ድንጋይ መዋጥ ነው። ንጥረ ነገሩ ምን ያህል ይሟሟል? በ40 ዲግሪ ሙቀትና በ75 በመቶ እርጥበት ስድስት ወር ሲቀመጥ ኃይሉን ይጠብቃል? ከሁሉ በኋላ በሰው ላይ የሚደረገው ሙከራ አለ። እሱም በጥቂት ጤነኞች ተጀምሮ ወደ ብዙ በሽተኞች ይሄዳል።

በሀገር ቤት በአዲስ አበባ፣ በጎንደር፣ በጅማና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ ወጣት ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ላይ ናቸው። የወባ ተክል በአይጥ ላይ፣ የስኳር ተክል በአይጥ ላይ፣ የቁስል ቅባት በጥንቸል ቆዳ ላይ ይፈትሻሉ። ሥራቸው የሚያስመሰግን ነው። ችግሩ አብዛኛው ጥናት አይጡ ላይ መቆሙ ነው። ተማሪው ይመረቃል፣ ጽሑፉ ይታተማል፣ ንጥረ ነገሩ ሳይለይ፣ ክኒኑ ሳይሠራ ይቀራል። የታተመውን ጽሑፍ ደግሞ ሌላው ዓለም በነፃ ያነበዋል። አሁንም የመጀመሪያውን እርምጃ ብቻ እያዋጣን ነው።

እኛስ?

በሥልጣን ላይ ያሉትን መውቀስ ቀላል ነው፣ ይገባቸዋልም። እንዶድ ንጉሡን፣ ደርግን፣ ኢሕአዴግንም አይቷል። ከሦስቱ አንዳቸውም ከአድዋ ወንዝ እስከ ገበያ አላደረሱትም። በ2006 የወጣው የዘረመል ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482 በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። የጤፍ ጉዳይ ግን ወረቀት ብቻውን እንደማይበቃ አሳይቶናል። በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር የተፈረመው ውል ለሀገራችን የረባ ጥቅም ሳያመጣ ቀርቷል፤ በጤፍ ዱቄት ላይ የተያዘው የኔዘርላንድ ፓተንት ውድቅ የተደረገውም በ2018 በሄግ ፍርድ ቤት ነው። በግንቦት 2024 ደግሞ ፓተንት ጠያቂው የዘረመል ሀብቱን ምንጭ እንዲናገር የሚያስገድድ ዓለም አቀፍ ውል ጄኔቫ ላይ ጸድቋል። ማንም መንግሥት ይምጣ ማን፣ ይህን ውል እንዲቀበል፣ በጀቱንም ለላቦራቶሪ እንዲመድብ መጠየቅ የኛ ድርሻ ነው።

ነገር ግን እኛም እጃችን ንጹሕ አይደለም። በስደት ካሉ ኢትዮጵያውያን መካከል ፋርማሲስቱ፣ ኬሚስቱ፣ በመድኃኒት ኩባንያ ጥራት የሚቆጣጠረው ብዙ ነው። ስንቶቻችን ነን በሀገር ቤት ላለ ተማሪ አንድ ንጹሕ ማመሳከሪያ ንጥረ ነገር የላክን? ስንቶቻችን ነን የአንዱን የምርምር ጽሑፍ በኢንተርኔት አይተን ያረምን፣ ያማከርን? ለሰላማዊ ሰልፍ የምንወጣውን ያህል ለአንድ የላቦራቶሪ መሣሪያ ጥገና አዋጥተን እናውቃለን? ይህን ለማድረግ ፓርቲ አያስፈልግም።

ለሁላችንም ደግሞ በየቤታችን የሚሆን ሥራ አለ። በሻንጣ የመጣውን ዱቄት ከሐኪም አንደብቅ። የደም ማቅጠኛ፣ የስኳር፣ የደም ግፊት ክኒን የሚወስድ ሰው ካለ በተለይ አንደብቅ። ያልታወቀውን መድኃኒት ለሌላ ሰው አናካፍል፣ ይልቁንም አንሽጥ። ዕውቀቱ ያላቸውን አዛውንት ግን ቁጭ አድርገን እንጠይቅ። የተክሉን ስም፣ የሚለቀምበትን ወቅት፣ ፍሬው ይሁን ሥሩ፣ በውሃ ይሁን በማር፣ ከነስማቸው እንጻፈው። በእንዶዱ እንዳየነው፣ በቻይናውም እንዳየነው፣ ምሥጢሩ ብዙ ጊዜ ያለው ከአዘገጃጀቱ ላይ ነው። ያልተጻፈ ዕውቀት ባለቤት የለውም።

ዶክተር አክሊሉ በ1997 አረፉ። ስማቸው በአዲስ አበባ ተቋማቸው ላይም በሳፖኒኑ ላይም ተጽፎ ይኖራል። እማማ ደግሞ በማግሥቱ ልጃቸው ሐኪም ቤት ወስዷቸው ስለ ዱቄቱ ተናግረዋል። ሐኪሙም እንደ እህታችን “ምን እንደሆነ ሳላውቅ አብረው አይውሰዱት” አላቸው። እማማ ወደ ሀገር ቤት ደውለው የላከችላቸውን እህታቸውን “ተክሉ ማን ይባላል?” ሲሉ ጠየቋት። እሷም ከገበያ ገዝታው ነበርና አላወቀችም።

ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሁላችንም ከዚያው እንጀምር።

ቸር ያሰማን!